ለጥር ሠርግ ገመድ አልባ ማይክ፦ የደብረ ብርሃን ባንዳችን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት ማብቂያ

ያለን ዕቃ፦ ድምፆችን የሚያቀላቅል አሥራ ሁለት መግቢያ ያለው ሚክሰር፣ ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ ዘፋኟ ራሷን የምትሰማበት፣ ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ የሚቀመጥ አንድ ሞኒተር፣ ሁለት ባለ ገመድ ማይክ፣ እንዲሁም የሥሪት ስሙ በእጅ ላብ የተፋቀ አንድ ገመድ አልባ ማይክ ከነመቀበያው። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ ሚክሰሩ የሚቀመጠው ከአጠገቤ ነው፤ የባንዱ ገንዘብ ያዥም እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ስለ ድምፅ የሚያወራውን ያህል ስለ ብር ያወራል።

ገመድ የማይበቃን ለምን እንደሆነ ማብራራት አያሻም። ዘፋኛችን እስክስታ ትወርዳለች፣ ሚዜዎች እጇን ይዘው ከመድረክ ያወርዷታል፣ ሙሽሮቹ ፊት ቆማ ታወድሳለች። አሥር ሜትር ገመድ እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም ወጥ የያዘ አስተናጋጅ እግር ላይ ይጠመጠማል።

አሮጌው ገመድ አልባ ጉዱን ያወጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተክሎ ጎን ለጎን ሁለት ሠርግ ነበር። ዘፋኟ ወደ ሙሽሮቹ ራቅ ስትል በእኛ ስፒከር የጎረቤቱ መድረክ መሪ ድምፅ ገባ፦ «አሁን የሙሽራው አባት ይመርቃሉ።» የእኛ ሙሽራ አባት ከመቀመጫቸው ተነሡ። መርቀውም ተቀመጡ፤ ማንም አልከለከላቸውም።

በማግሥቱ መቀበያውን ገልብጬ አየሁት። ተለጣፊው ላይ ሁለት የሞገድ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ መቀየሪያ ቁልፍ የለም። ያንኑ ሥሪት የገዛ ሰው ሁሉ እዚያው ሞገድ ላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ማይኮች የሚያስተላልፉት በኤፍኤም ዘዴ ነው፤ በኤፍኤም ደግሞ ሁለት ድምፆች ተደባልቀው አይሰሙም፤ ለመቀበያው ጠንክሮ የደረሰው ደካማውን ይውጠዋል። ዘፋኟ ስትርቅ የጎረቤቱ ማይክ ቀረበ፤ ያው ነው።

ከዚህ በመነሣት የምንፈልገውን ጻፍኩ። ሞገዱ የሚቀያየር። መቀበያው ሁለት አንቴና ያለው። በየሱቁ በሚገኝ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ድምፅ የሚይዘው ጭንቅላቱ ለዘፋኟ ድምፅ የሚስማማ። ቅደም ተከተሉ እያደር ይለወጣል ብዬ እገምታለሁ።

ኅዳር፣ ጾም ከመግባቱ በፊት

ክራር ተጫዋቻችን አዲስ አበባ ወርዶ ተሰኪ ማስተላለፊያ ይዞ መጣ። ሁለት ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንዱ በባለ ገመዱ ማይክ ጭራ ይሰካል፣ ሌላው በሚክሰሩ። የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያለንን ማይክ ሳንቀይር ገመዱን ብቻ እናስወግዳለን፤ ዋጋውም ካየናቸው ሁሉ ዝቅተኛው ነው።

በመለማመጃ ክፍላችን እንከን የለውም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሽውታ የለውም። ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚልክ ዲጂታል ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሴኮንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አራት ሚሊ ሴኮንድ ማለት ከስፒከሩ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ እንደመቆም ነው። ዘፋኟ ልብ አላለችውም።

ከዚያ ለአንድ የቀለበት ሥነ ሥርዓት ይዘነው ሄድን። ከሰዓት በፊት አዳራሹ ባዶ ሳለ ስንሞክረው ሠራ። ማታ ሰው ሞላ፤ የሆቴሉ ዋይፋይ አለ፣ ወጣቱ ሁሉ በስልኩ ዝግጅቱን በቀጥታ ያስተላልፋል፣ ኢንተርኔቱን ለጎረቤቱ የሚያካፍለውም ብዙ ነው። ከዚህ ብዙው የሚሰበሰበው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ሞገድ የአንድ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በመካከል የቆመ ሰው ሁሉ ግድግዳ ይሆናል። ውጤቱ፦ ዘፋኟ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም፤ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። እንደ አሮጌው ያለ አናሎግ ሲቸገር መሻከር ይጀምራልና አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ዲጂታል ሲቸገር ዝም ነው የሚለው።

አልጣልነውም። ክራሩ ከመቀበያው ሁለት ሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ ለጊዜው ለእርሱ ይበቃል። ለድምፃዊ ግን አይሆንም፤ ከዝርዝሬ ሰርዤዋለሁ።

ጾመ ነቢያት ገባ

ከኅዳር 15 እስከ ገና ሠርግ የለም፤ ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

በዚህ ወር የደረስኩበት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ገመድ አልባ ማይክ ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ድምፁን የሚይዘው ጭንቅላት ነው፣ ሌላው የሚያስተላልፈው ሬዲዮ። ታዋቂዎቹ አምራቾች በገመድ አልባው እጀታ ላይ የሚገጥሙት ያንኑ በባለ ገመዱ ላይ ያለውን ጭንቅላት ስለሆነ፣ ጭንቅላቱን በባለ ገመድ ማይክ አወዳድሮ መምረጥ ይቻላል። ባለ ገመድ ማይክ ደግሞ ሰው ያውሳል፤ ገመድ አልባውን ማን ያውሳል?

ሦስት አገኘን። የእኛው ሹር ኤስኤም58፤ ይህ ከ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ እየተመረተ ያለ ነው። ሁለተኛው የዚያው የሹር ቤታ 58ኤ። ሦስተኛው የዜንሃይዘር ኢ835። ከማወዳደሬ በፊት ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ነበረብኝ፤ ቤታውና ኢ835 በተመሳሳይ ድምፅ ከኤስኤም58 ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ከፍ ያለ ምልክት ያወጣሉ። ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይላል። በሚክሰሩ መብራት እያየሁ አስተካከልኩ።

ዘፋኟ «ሀሎ፣ አንድ ሁለት» እንድትል አልፈለግሁም፤ በሀሎ ክፉ የሆነ ማይክ የለም። «ጭቅጭቅ፣ ጥቅጥቅ፣ ሽሽት፣ ብብት፣ ጸጸት» አስባልኳት፤ ከዚያ አንድ ስንኝ በትዝታ ቅኝት፣ አንድ በአምባሰል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ከአፍ የሚወጡት ፈንድተው ነው፤ በ ደግሞ ነፋስ ይዛ ትመጣለች። የማይክ ጠባይ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ኪቦርድ የሚጫወቱልን አንጋፋው የባንዱ አባል ዳኛ ሆኑ።

«ጋሼ፣ የትኛው እንደሆነ እንዳያዩ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።»

«እንዲህ የቆምኩት ተማሪ ሳለሁ ስቀጣ ነው» አሉና ዞሩ።

ኢ835 ጥራት ነበረው፤ ጸ እና ሽ ላይ ግን ጆሮ ወጋ። ቤታው ከሁሉም የነቃ ነበር። ኤስኤም58 መካከለኛውን ድምፅ ደመቅ አድርጎ ላዩን ያዝ አደረገው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ቤታውን፣ አንድ ጊዜ ኤስኤም58ን መረጡ። በጆሮ ብቻ ቢሆን ቤታውን እንገዛ ነበር።

ከዚያ ሞኒተሩን ከፍተን ሞከርን፤ ነገሩ ተገለበጠ። ኤስኤም58 ካርዲዮይድ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ የሚሰማው ከጀርባው በቀጥታ የሚመጣውን ድምፅ ነው። ቤታው ሱፐርካርዲዮይድ ነው፤ ከጎን የሚመጣውን ይበልጥ ይቆርጣል፣ በቀጥታ ከጀርባው ግን ትንሽ ይሰማል፤ መስማት የማይፈልገው ከፊቱ 126 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ በሁለቱም ወገን ነው። እኛ ያለን ሞኒተር አንድ ነው፣ እርሱም ከዘፋኟ ፊት ለፊት፣ ማለትም ከማይኩ ጀርባ ነው። ቤታው የሞኒተሩን ድምፅ መልሶ እየያዘ ፉጨት ጀመረ። ሞኒተሩን ወደ ጎን ሳዞረው ዝም አለ፤ እንዲያውም ከኤስኤም58 በላይ ድምፅ ጨመርኩ። ታዲያ ችግሩ ሠርግ ቤት ሞኒተር ያኖሩበት ቦታ አለማደሩ ነው። አንዱ ለፎቶ ይገፋዋል፣ ሌላው ልጁን ያስቀምጥበታል። ዘፋኟም አንድ ቦታ አትቆምም። ሁለት ሞኒተር በሁለት ጎን ያለው ባንድ ቤታውን ይግዛ። እኛ ኤስኤም58ን ያዝን።

አንድ ነገር በሦስቱም ላይ እኩል ደረሰ። ወንዱ ድምፃችን ሲመስጠው የማይኩን ወንፊት በመዳፉ ይጨብጣል። ወንፊቱ ውስጥ ከጀርባ የሚመጣውን ድምፅ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማይኩ አቅጣጫ የሚለየው በእነርሱ ነው። መዳፍ ሲዘጋቸው ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ፉጨቱም ይመጣል። «በቴሌቪዥን እንዲህ ነው የሚይዙት» ብሎ ተከራከረኝ። ይያዙት፤ የእነርሱ ሞኒተር ጆሯቸው ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ጭንቅላቱ ከተወሰነ በኋላ ሬዲዮው። ሞገዱ በዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከ2.4 ጊጋኸርዝ ዝቅ ባለው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ክልል እንዲሆን ወስነናል፤ የቀረው የትኛው ነው የሚለው ነው።

በውጭ አገር ዋጋ የሹር ቢኤልኤክስ ከኤስኤም58 ጭንቅላት ጋር ስናጣራ ከ300 እስከ 350 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አናሎግ ነው። የዚያው ድርጅት ዲጂታሉ ኤስኤልኤክስ-ዲ የዚህን እጥፍ ያህል ነበር። የዜንሃይዘር ኢደብሊው-ዲም እዚያው አካባቢ ነበር፤ መዘግየቱ 1.9 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው፣ ሞገዱንም ራሱ ለእጀታው ይነግረዋል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዶላር 100 ብርን አልፏል፤ እኛ በ125 ብር አሰላነው። አንዱ ወደ 42 ሺህ፣ ሌላው ወደ 85 ሺህ ብር ይመጣል። ጋሼ ሁለተኛውን ቁጥር ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ኪቦርዳቸውን ግን አየት አደረጉት።

ዲጂታሉ ይሻላል፤ ይህ አያከራክርም። አናሎጉ ድምፁን ጨምቆ ልኮ መቀበያው ላይ መልሶ ስለሚዘረጋው፣ ጸጥ ባለ ቦታ ላይ ልብ ብሎ ለሚሰማ ሽውታው ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። በከበሮና በእልልታ መካከል ይህን የሚሰማ እንግዳ ግን አላውቅም። አናሎጉን መረጥን።

የአንዳችን ዘመድ ከአሜሪካ ለገና ይመጣል፤ በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ ማይክ እንዳየ ነገረን። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። አሜሪካ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለውን ለሞባይል ስልክ ሰጥታ፣ ገመድ አልባ ማይክ ከሐምሌ 2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ እዚያ እንዳይሠራ ከልክላለች። ስለዚህ ያን የሞገድ ክልል የያዘ ሁሉ ለሽያጭ ወጣ። በእኛ ክፍለ ዓለም ደግሞ ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ወደ ሞባይል ስልክ ሄዷል። ነገ ማንቀሳቀስ የማንችለውን ዕቃ መግዛት አልፈለግንም፤ ዝቅ ያለውን፣ ከ542 እስከ 572 ሜጋኸርዝ ያለውን ኤች10 የተባለውን አዲስ እንዲገዛልን ላክን። ፊደሉን በጽሑፍ ልከንለታል፤ እጀታና መቀበያ ፊደላቸው ካልተመሳሰለ ፈጽሞ አይገናኙም፣ በኋላም ተጨማሪ እጀታ ስንገዛ የምንፈልገው ይህንኑ ፊደል ነው። የሞገድ አስተዳደር በአዋጅ 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ስለሆነ፣ በርከት ያለ ገመድ አልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት እዚያ ይጠይቅ።

ሌላው አደራ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያው ነው። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ካለ መሰኪያውን መቀየር ብቻ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛው 220 ቮልት ያቃጥለዋል።

ከገና በፊት

ዕቃው ቀድሞ ደረሰ። ገዝተን ያመጣነው እውነተኛው መሆኑን ለማየት ጭንቅላቱን ከባለ ገመዱ ጋር አወዳደርን፤ የኤስኤም58 አስመስሎ ሥሪት በዓለም ገበያ የሞላ ነው። ባለ ገመዱ ኤስኤም58 ትክክለኛ ክብደቱ 298 ግራም ነው። ማወዳደሪያው ራሱ አስመስሎ ሥሪት እንዳይሆን የእኛውን በወርቅ ቤት ሚዛን መዘንነው፤ ደህና ነው። ወርቅ ሠሪው ምንም አላለም፣ የባሰ ነገርም አስመዝነውት ያውቁ ይሆናል።

ሚዛኑ ላይ ሳለን የባትሪ ድንጋዮችንም መዘንን። እጀታው ሁለት ትንንሽ፣ ማለትም ድርብ ኤ ድንጋይ ይወስዳል፤ በጥሩ አልካላይን እስከ 14 ሰዓት ይሠራል ይላል አምራቹ። እውነተኛ አልካላይን 23 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሱቅ ከገዛናቸው «አልካላይን» ከሚሉት አንዱ ዓይነት ከተራው ርካሽ ድንጋይ እኩል ወጣ። ያን ዓይነት ተውነው።

ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በብርድ ባትሪ አቅሙን አይሰጥም። መኪና ውስጥ ያደሩት ድንጋዮች መብራቱን ቶሎ አቀሉት፤ በኮት የውስጥ ኪስ የዋሉት ማታውን ሙሉ ዘለቁ። ከዚህ በኋላ ድንጋዩ የሚያድረው ቤት ነው። የሚሞሉ ድንጋዮችም ገዝተናል፤ መደበኛ ኃይላቸው 1.2 ቮልት እንጂ 1.5 ስላልሆነ የእጀታውን መብራት ብቻ ማመን አይቻልም። በየዕረፍቱ እንቀይራለን።

የድምፅ መጠን፦ ወንዱ ድምፃችን ሲይዘው የመቀበያው መብራት ቀላ፣ ድምፁም ተቀደደ። ጓደኞቼ ሚክሰሩን ቀንስ አሉኝ። አይጠቅምም፤ ድምፁ የተቀደደው እጀታው ውስጥ ነው፣ ሚክሰር የተቀደደውን አይሰፋም። እጀታው ላይ 10 ዴሲቤል የሚቀንስ ማስተካከያ አለ፤ ለእርሱ ቀነስን፣ ለእርሷ ወደ ዜሮ መለስን። ከመቀበያው ወደ ሚክሰር የምንወስደው በኤክስኤልአር፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ ባለው መስመር ነው፤ ሌላኛው መውጫ ላይ የጄኔሬተር ጉርምርምታ ይገባል።

ጥር

ከጥምቀት ማግሥት ሠርጉ ተያያዘ። በደብረ ብርሃን አዳራሾች ማይኩ ሥራውን ሠራ፤ ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለም።

አንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ለወንዱ ድምፃዊ የዚያኑ ዓይነት ሁለተኛ ማይክ ተዋስን፤ ክራሩም ያን ቀን ከተውሶ የመጣ የወገብ ማስተላለፊያ ነበረው። ሁለቱ ድምፃውያን ብቻ ሲሆኑ ሰላም፤ ክራሩ ሲከፈት ክራሩ ላይ ጩኸት። ሞገዶቹን አየሁ፦ 543፣ 544 እና 545። ሁለት ማስተላለፊያዎች ሲቀራረቡ በመካከላቸው ሌላ ሞገድ ይወልዳሉ፤ የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው። 544 እጥፉ 1088፣ ሲቀነስ 543፣ ቀሪው 545። ክራሩ የተቀመጠው በትክክል የሁለቱ ልጅ ላይ ነው። ወደ ላይ ራቅ አድርጌ እኩል ባልሆነ ርቀት አስቀመጥኩት፣ ጸጥ አለ። ማይኮቹ አንድ ሥሪት ሲሆኑ በአምራቹ የተዘጋጀውን አንድ ምድብ መጠቀም ይህን ስሌት ያድናል፤ ባዕድ ሥሪት ሲገባ ግን ራስ ነው የሚያሰላው።

ከዚያ ሸዋ ሮቢት። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል ሲወረድ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ኮቱ ይወልቃል፣ የባትሪው ጉዳይ ይረሳል። ሌላ ጉዳይ ይመጣል። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ምሰሶው ብረት ነው፤ ሞገዱ ከዚህም ከዚያም እየተጋጨ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ሁለት አንቴና ያለው መቀበያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ባዶ ቦታ ላይ ሲወድቅ ሌላው ይይዛል። እንዲያም ሆኖ ዘፋኟ ሕዝቡ መካከል ስትገባ ሻከረ።

ያስተካከልነው ሦስት ነገር ነው። መቀበያው ከሚክሰሩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከሰው ራስ በላይ ስፒከሩ ማቆሚያ አጠገብ ሰቀልነው። የእኛ ዓይነቱ መቀበያ አንቴናው ውስጡ ስለሆነ አንቴናውን ብቻ ማራቅ አይቻልም፤ ለዚያ አንቴናው የሚነቀለው ባለ መደርደሪያው ዓይነት ነበር የሚያስፈልገው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ዘፋኟ እጀታውን የምትይዘው ከታች ጫፉ ነው። አንቴናው ያለው እዚያ ነው።

«ወደ መካከል ከፍ አድርገሽ ያዢው።»

«ሥር ስይዘው ነው የሚያምርብኝ።»

የእጀታውን የታችኛውን ክፍል በቀይ ፕላስተር ምልክት አደረግሁበት፤ ቀዩን የነካ ለስላሳ ይገዛል። እስካሁን እየገዛች ነው፣ ግን እየቀነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ሞገድ ፍለጋውን ያደረግነው መድረኩ ላይ ያለው የኤልኢዲ ስክሪን ሳይበራ ነበር። ስክሪኑ ሲበራ የራሱን የሬዲዮ ጩኸት ይለቅቃል። አሁን ቅደም ተከተላችን፦ ስክሪን፣ መብራት፣ ጄኔሬተር ሁሉ ይበራ፤ የእኛ እጀታ ይጥፋ፤ መቀበያው ባዶ ሞገድ ይፈልግ፤ ከዚያ እጀታውን ወደተገኘው ምድብና ቻናል በእጅ እናዛምድ። ደብረ ብርሃን ላይ ንጹሕ የነበረው ቻናል ሸዋ ሮቢት ላይ ንጹሕ ይሆናል ማለት አይደለም።

ቆላው ላይ ላቡ ወንፊት ውስጥ ይገባል። ወንፊቱን ፈትቶ ስፖንጁን በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥቦ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ አለመመለስ። ጭንቅላቱን ግን ውሃ አያስነኩትም።

የካቲት መግቢያ

የወጣ ወጪ፦ ማይኩ ከነመቀበያው ወደ 42 ሺህ ብር፣ የሚሞሉ ድንጋዮች ከነመሙያው ወደ 6 ሺህ፣ የኤክስኤልአር ገመድ፣ መስቀያና ፕላስተር ከ2 ሺህ በታች። ተሰኪውን ክራር ተጫዋቹ በራሱ ገንዘብ ስለገዛ አልቆጠርኩትም፤ እርሱ ግን ይቁጠርልኝ ይላል።

ባለ ገመዱ ኤስኤም58 አሁንም ከሚክሰሩ ጋር ተሰክቶ መቆሚያው ላይ ይውላል። ዘፋኟ የገመድ አልባው ድምፅ ሲጠፋባት ሳትጠይቀኝ ሄዳ ታነሣዋለች፤ ሚክሰሩ ላይ ማጥፊያውን መልቀቅ ብቻ ነው የእኔ ሥራ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሠርጎች ለወንዱ ድምፃዊ ሁለተኛ ኤች10 እንገዛለን፤ ጋሼ ደግሞ ከዚያ በፊት ሁለተኛ ሞኒተር ይቅደም ይላሉ። ሁለተኛ ሞኒተር ከገባ የቤታው ጉዳይ እንደገና ይነሣል፤ ቀብዱ ስንት እንደሚሆን አይተን እንወስናለን።